ብቻችሁን ናችሁ?

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም... በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። «እናንተ» የምላችሁ ይህን የምታነቡት ብዙ ስለሆናችሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ሳላስብበት አልጽፈውም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንድ ቃል ነው። «ብቻችሁን» በሚል ቃል።

ቃሉ ልክ አልነበረም። ልክ እንዳልሆነም አይቻለሁ።

አይቼ አለፍኩት...

ለምን እንዳለፍኩት ስነግራችሁ ትፈርዱብኝ ይሆናል። ፍረዱ።

ግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ። ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በጨለማ ይመስለዋል። እኛ ቤት ግን በብርሃን ነው የመጣው።

ፅጌ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ያኔ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ዋናው ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሰው መጥቶ በደሉን በአፉ ይነግረኛል፤ እኔ ከላይ «ለ...» ብዬ፣ ቀጥዬ «ጉዳዩ፦» ብዬ፣ አማርኛውን አቃንቼ እጽፍለታለሁ።

ባለቤቴ ግዛቸው የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔና ልጄ ሐዳሳ ነን።

ሁለት ነን። ይህን ያዙልኝ።

እኔ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ሐዳሳ ስልክ ካላነሳች ባጃጅ ተገልብጦባታል እላለሁ። ሐይቅ ዳር ሄደች ከተባለ ውሃ ወስዷታል እላለሁ። ግዛቸው «ሞት ራሱ ካንቺ ቀድሞ አይደርስም» እያለ ይስቅብኛል።

በዚያ ዓመት ግን የምፈራው ባጃጅም ውሃም አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ የጻፈ ልጅ እየተጠራ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር አንዲት እናት አለች፤ ልጇ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከሄደ አራት ወሩ ነበር። ሴትዮዋ አሁንም ምሳውን ታስቀምጥለታለች።

ታዲያ የእኔዋ ልጅ የመመረቂያ ሥራዬ ብላ የያዘችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኢንተርኔት የውይይት መድረክ።

መድረኩ «ደጃፍ» ይባላል። የሐዋሳ ተማሪዎች ለስድስት ዓመት ሲከራከሩበት፣ ሲቀላለዱበት የኖሩበት ነው። ባለቤቶቹ ሊዘጉት መሆኑ ተሰማ። ሐዳሳ ደግሞ ከመዘጋቱ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ለቅሞ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ልትሠራ ተነሳች።

ባለቤቶቹ ፈቅደውልሻል ወይ አልኳት። አልከለከሉኝም አለችኝ። እኔ ደግሞ በ«ፈቀዱ» እና በ«አልከለከሉም» መካከል ወድቆ የተቸገረ ስንቱን አይቻለሁ።

ስታስረዳኝ እንዲህ ነው ያለችው። መድረኩ ሁለት በር አለው። በፊት ለፊቱ ሰው ይገባል። በጓሮው ደግሞ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር ይነጋገራል። ባለቤቶቹ የጓሮው በር እንዴት እንደሚከፈት ለማንም አልነገሩም። ልጆቹ ግን እየነካኩ፣ እየሞከሩ «እንዲህ ብለህ ስትጠራው እንዲህ ብሎ ይመልሳል» የሚል መመሪያ በራሳቸው ጽፈዋል። ኮዱም መመሪያውም ለሁሉ ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይጨምርበታል።

ገባኝ። እኛም የማመልከቻ ናሙና ከሱቅ ሱቅ እንቀባበላለን። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አንዷ መስመር ትጨምራለች፣ ሌላዋ ትሰርዛለች።

መመሪያውን ከፍታ አሳየችኝ። በየመስመሩ መጨረሻ የጻፈው ልጅ ስም አለ።

«ርዕሶችን ለማምጣት በዚህ ጥራ። ይሠራል።»

«የአባላትን ዝርዝር ለማምጣት በዚህ ጥራ። አንዳንዴ ዝም ይላል።»

እንዲህ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው መስመር ግን ስም አልነበረውም።

«ይህኛው አይመልስም። ይጠይቃል። ለምን እንደሆነ አላወቅንም።»

«ይቺን እንዳትነኪ» አልኳት።

«እማዬ፣ መስመር እኮ ነው።»

«ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ?»

«ማመልከቻ መሰለሽ? ማኅተም አይጠየቅበትም» ብላ ሳቀችብኝ።

ሌላም ነገር ነበር። ፕሮግራሟ ሲጠራ መልስ መስጠት አለበት። ሌሎቹ «ደርሶኛል» የሚል የእንግሊዝኛ ምልክት ነው የሚጠቀሙት አለች። እሷ ግን የእኔ በአማርኛ ይሁን ብላ «አቤት» እንዲል አደረገችው። ማንም ይጥራው፣ ምንም ይበለው... «አቤት» ይላል።

እኔ ያደግኩት ይርጋዓለም ነው። እናቴ «ማን እንደጠራሽ ሳታውቂ አቤት አትበይ» እያለች ነው ያሳደገችን። አመሻሽ ላይ ስማችን ከተጠራ እስኪደገም፣ እስኪሠለስ ዝም እንል ነበር። ይህን ለሐዳሳ ነገርኳት። ኮምፒውተር አመሻሽና ጠዋት አይለይም አለችኝ።

ያን ቅዳሜ ከሱቅ ስገባ ክፍሏ ውስጥ ነበረች።

ክፍሉን ልንገራችሁ። ጠረጴዛዋ ግድግዳው ጋ ተጠግቷል፤ ስትሠራ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ነው። ከኋላዋ መስኮቱና የድሮው ቁም ሳጥናችን አሉ። ኮምፒውተሯ ሁለተኛ እጅ ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ካልተሰካ አይሠራም።

«ነይ፣ የሚያስቅ ነገር ላሳይሽ» አለችኝ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፊደሉ ነጭ። ፕሮግራሙ የመጣለትንም የመለሰውንም ይመዘግባል። የመጣውን «ገቢ»፣ የሄደውን «ወጪ» ብላዋለች። መዝገብ ቤት ደብዳቤ የሚመዘገበው እንደዚያ መሆኑን ከእኔ ሰምታ ነው።

ገቢ፦ ቤቶች

ወጪ፦ አቤት

ገቢ፦ ብቻችሁን ናችሁ?

ወጪ፦ አቤት

የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ሱቅ ነኝ። ሐዳሳ ብቻዋን ነበረች።

ያን ስም የሌለውን መስመር ጠርታዋለች።

ወዲያው የታየኝ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ነው። ለአምስት ደቂቃ ነው ሲሉ። ብቻዋን መሆኗን የሚጠይቅ ሌላ ማን አለ?

እሷ ግን ትስቃለች። «ወንድሙ ነው። አማርኛውን አታውቂውም እንዴ?»

ወንድሙ የሚባለው አብሯት የሚማር የቡሹሎ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በሲዳምኛ ነው። በሲዳምኛ የሚከበር ሰው እንደ ብዙ ሰው ነው የሚጠራው። ስለዚህ በአማርኛም እኔን «እትዬ ፅጌ፣ ደህና ዋላችሁ?» ይለኛል፣ ብቻዬን ቆሜ እያየኝ። ሱቄ የሚመጡት ሽማግሌዎችም እንደዚያው ናቸው፤ «ጻፉልኝ» ይሉኛል፣ እኔ አንድ ነኝ። ማመልከቻው ላይም ዳኛውን «እናንተ» ይሉታል። እኔ በቀን አሥር ጊዜ «እርስዎ» እያልኩ አርማለሁ።

ይህንንም በልቤ አረምኩት። «ብቻችሁን ናችሁ» ይላል፤ እኔ «ብቻሽን ነሽ» ብዬ አነበብኩት። ወንድሙን ረግሜ፣ ከሐዳሳ ጋር ስቄ እራት ላቀርብ ሄድኩ።

አያችሁ ስህተቴን... አራሚ ባልሆን ኖሮ ይታየኝ ነበር።

እሑድ ምንም አልሆነም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ሐዳሳ እንደተቀመጠች ነች። ማዳመጫዋን ካንድ ጆሮዋ ላይ አንስታ፣ ሳትዞር አመሰገነችኝ።

«ስለ ምኑ?»

«መስኮቱን ስለዘጋሽልኝ። አንገቴን አድርቆኝ ነበር ንፋሱ።»

እኔ ገና መግባቴ ነው። ጃንጥላዬ በእጄ ነው፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«መቼ?» አልኳት።

«አሁን፣ ቅድም። ሲዘጋ ታወቀኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዞር አላልኩም።»

ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ገቢ፦ መስኮቱን ዝጉት። በርዷታል።

ወጪ፦ አቤት

እሷም ያየሁትን አየች። ማዳመጫዋ ከእጇ ወደቀ።

የዚያ መስኮት መቀርቀሪያ ያለው ከውስጥ ነው። ከውጭ ሊዘጋ አይችልም። ሄጄ ነካሁት... ተቀርቅሯል። በዝናብ ወጥቼ ቤቱን ዞርኩት። መስኮቱ የሚያየው የራሳችንን አጥር ነው። ጭቃው ላይ የሰው እግር የለም። ጣሪያው ላይ የሚራመድ ነገር ይሰማ ነበር፤ አባ ኮዳ ነው አልኩ፣ ያ የሐይቁ ትልቅ ወፍ። ቀና ብዬ አላየሁም።

ስመለስ በሹክሹክታ «እያዩን ነው» አልኳት።

«ማን?»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው። ምን ጻፍሽ? በማን ላይ ጻፍሽ?»

ምንም አልጻፍኩም ብላ ማለች። የሰው ወሬ ሰበሰብኩ እንጂ የራሴን አንዲት ቃል አልጨመርኩም አለች። እኔ ልጄን አውቃለሁ፤ እውነቷን ነው።

ፍርሃት ከልክ ሲያልፍ ድፍረት ይመስላል። ተነሺ አልኳትና ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚላክ አሳየችኝ። ሃያ ዓመት ለሰው ስጽፍ ኖሬ፣ ለራሴ የጻፍኩት ያን ቀን ነው።

«እኔ እናቷ ነኝ። ልጄ ብቻዋን አይደለችም።»

ላክሁት።

ጣቴን ሳላነሳ መጣ።

ገቢ፦ እናውቃለን።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ። ያን ቀን ሐዳሳ እኔ አልጋ ላይ ተኛች።

ለምን እዚያው ላይ አላቆምሽም ትሉኛላችሁ። ሥራው የሚገባው ሐሙስ ነው። የአራት ዓመት ልፋቷ እዚያ ውስጥ ነው። ለፖሊስ እንዳልነግር፣ የምፈራው ራሱ መጥቶ ደጄ ላይ ይቆማል። ለግዛቸው ብነግረው ይስቅብኛል። አንድ የቀረኝ ወንድሙ ነበር።

ማክሰኞ ሱቄን ቀድሜ ዘጋሁ። ወንድሙ አሥር ሰዓት ላይ ጫማውን በር ላይ አራግፎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

«እትዬ ፅጌ፣ ደህና ዋላችሁ?»

ያን ሰላምታ ሰምቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞሬ አየሁ።

ተቀመጥ እንኳ ሳልለው አንተ ነህ ወይ አልኩት። ምኑን አለኝ። ሐዳሳ ኮምፒውተሩን መልሳ ሰክታ መዝገቡን አሳየችው። አነበበና ግራ ገብቶት አየኝ።

«እኔማ እናንተን ነው እንጂ እንዲህ የምለው፣ ትልቅ ሰው ስለሆናችሁ። እሷን ምን ብዬ? የትናንት ልጅ።»

«በሁለት ወር ነው የሚበልጠኝ» አለች ሐዳሳ።

«ሁለት ወርም ዕድሜ ነው።»

እሱ ሳቀ፤ እሷም ልትስቅ ፈለገች። ከዚያ ወንድሙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ሲሄድ አይቻለሁ። እጁን ዘርግቶ የኢንተርኔት ዶንግሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ነቀለውና በመዳፉ ጨበጠው።

«ሐዳሳ... ደጃፍ መቼ ነው የተዘጋው?»

«በዚህ ሳምንት ይዘጋል።»

«ተዘግቷል። ዓርብ ማታ ነው የተዘጋው። ማስታወቂያውን አላየሽም?»

አላየችም። ለቅማ የጨረሰችው ዓርብ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ያቺን የመጨረሻ መስመር ብቻ ነበር የጠራችው።

«ታዲያ ማን ነው የመለሰልኝ?»

በየመስመሩ ጫፍ ላይ ቁጥር አለ፤ የሚመጣበት አድራሻ ነው። ወንድሙ ጣቱን እሱ ላይ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከውጭ የመጣ አይደለም አለ።

«ከዚሁ ከከተማው ነው?» አልኩት።

«ከዚሁ ከማሽኑ ነው እትዬ። ከዚሁ ከጠረጴዛው።»

እኔ ያን ጊዜ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። መዝገቡን እንደ ደንበኛ ወረቀት አነበብኩት። ሳላርም... እንደተጻፈው።

መስኮቱን ዝጉት። በርዷታል።

ደብዳቤ ሁለት ነገር አለው። «ለ...» የሚባለው ተቀባዩ ነው፤ «ጉዳዩ» የሚባለው የሚጻፍበት ነገር ነው። «በርዷታል» የተባለችው ሐዳሳ ናት። «ዝጉት» የተባሉት ግን ሐዳሳ አይደለችም። ሌሎች ናቸው። ብዙ ናቸው።

ቅዳሜም «ብቻችሁን ናችሁ?» ሲል ልጄን አልነበረም የሚጠይቀው።

እነሱን ነው። ከእሷ ጋር ብቻችሁን ናችሁ ወይ ነው ያላቸው።

ልጄ ተቀባይ አልነበረችም። ጉዳዩ ነበረች።

«ለእሷ አይደለም የሚጻፈው» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በዚያች ቅጽበት፣ ዶንግሉ በወንድሙ መዳፍ ውስጥ እንዳለ፣ ስክሪኑ ላይ ፊደል ወጣ።

ገቢ፦ እናቷ ገባት። ዝም በሉ።

ወጪ፦ እሺ

ክፍሉ ጸጥ አለ...

እስከዚያ ድረስ ድምፅ እንደነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው። ልብስ ከልብስ ሲነካካ እንደሚሰማው፣ ብዙ ሰው ጠባብ ቦታ ቆሞ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ፣ ትንሽ ድምፅ። ቅዳሜም ነበረ። ሰኞም ነበረ። የኮምፒውተሩ ይመስለኝ ነበር።

ቆመ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆመ።

ሐዳሳ አፏን በእጇ ይዛ ነው የተናገረችው።

«እማዬ... እሺ የሚል አላስተማርኩትም። አቤት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ልጄን ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። ወደ ቁም ሳጥኑ እንዳታይ ፊቷን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እኔም አላየሁም። ወንድሙ ሥራዋን ፍላሽ ላይ ገለበጠላት፤ ሁለቴ አበላሽቶ በሦስተኛው ሆነለት። ገመዱን ነቀለና ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተወው። ስክሪኑ ሲጠፋ ሦስታችንም አይተናል። ኮምፒውተሩም አብሮን ይምጣ አለ ወንድሙ። አይመጣም፣ ከፍላሹ በቀር ከዚህ ክፍል አንዲት ነገር አይወጣም አልኩ።

እህቴ ብርሃነሽ አዲስ ከተማ ነው የምትኖረው። ሐዳሳ ከእሷ ዘንድ ትከርማለች ብዬ ወሰንኩ። ለብርሃነሽ ደውዬ መብራት አስቸግሮናል፣ ልጅቷ አንቺ ዘንድ ታጥና አልኳት። አልዋሸሁም፤ ይህን እያልኳት መብራት ሄደ።

አሥራ ሁለት ሰዓት እየሆነ ነበር። ወንድሙ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። እኔ ቦርሳዋን ያዝኩና ልጄን ፊት ፊቴ እያስኬድኩ እስከ አጥሩ በር አደረስኳት። ባጃጁ መጣ። አስገባኋት፤ ወንድሙ ከጎኗ ገባ። ቆጠርኳቸው። ሁለት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኳቸው።

ባለባጃጁ ወጣት ነው፤ ሳቀብኝ። «እማማ፣ አይጠፉብዎትም።»

ቁልፉን የረሳሁት ያኔ ትዝ አለኝ።

የቤቱ ቁልፍ የሚሰቀለው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ከሐዳሳ ክፍል በር አጠገብ፣ ሚስማር ላይ።

ሐዳሳ ተዪው አለችኝ። ቤት ክፍት ያድራል? ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ... ክፍት ከተውኩት ተከትሏት ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ያለው ነገር እዚያው ይሁን። ልጄ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ፣ በመካከላቸው የተቆለፈ በር። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ተመለስኩ።

ሳሎኑ መሽቶበታል። ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለውም። ቁልፉን ግን አየሁት። ሚስማሩ ላይ ሲያብለጨልጭ አየሁት።

ብርሃን የሚመጣው ከሐዳሳ ክፍል ነው።

ገመዱ ወንድሙ እንደተወው ወለሉ ላይ ተጠቅልሏል። ባትሪው ከሞተ ዓመቱ ነው። ስክሪኑ በርቷል።

ገቢ፦ ሄደች?

ወጪ፦ ሄደች

ገቢ፦ እናትየዋስ?

ወጪ፦ በር ላይ ናት

ቁልፉን አነሳሁ። ፊቴን ሳላዞር፣ ወደ ኋላ ኋላ፣ ግድግዳውን እየዳበስኩ ሄድኩ። ከሩቅ ሆኖም ፊደሉ ይነበባል። ሲጻፍ አየሁት።

ገቢ፦ ስትወጣ ዝጉት።

ወጪ፦ እሺ

ወጣሁ። በሩን ሳብኩት። ብረት በር ነው፤ ከውጭ በቁልፍ ይዘጋል፣ ከውስጥ በመቀርቀሪያ። ቁልፉን ከተትኩ። አንድ ጊዜ አዞርኩት... ሁለት ጊዜ አዞርኩት። ጠበቀ።

ቁልፉን ሳወጣ ሰማሁት።

ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ጎረቤት እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው... መቀርቀሪያው ገባ።

ወደ ባጃጁ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሐዳሳ እጄን ያዘችኝ። እጇ ሞቃት ነበር።

«እማዬ፣ ዘጋሽው?»

«ተዘግቷል» አልኳት።

ዘጋሁት አላልኩም።